መካከለኛዋ ሴት

የአክስቴን ሦስት ጡረታዎች ወደ አንድ እንጠቅልላቸው ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ተጠቀለሉ። ችግሩ አክስቴም አብራ መጠቅለሏ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አገራችን ትንሽ መናገር አለብኝ፤ አሳጥራለሁ። በእኛ አገር ወረቀት ለከብት፣ ለመሬትና ለዝናብ ይፈቀዳል፤ ለሰው ግን አይፈቀድም። ድሮ ይፈቀድ ነበር አሉ። አንድ መዝገብ ያዥ የሦስት መቶ ሰው ጡረታ በራሱ ስም ጽፎ ሲበላ ኖሮ በተያዘ ጊዜ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ‹‹ጥፋቱ የወረቀቱ ነው›› ብለው ፈረዱ። መዝገብ ያዡ በነጻ ተለቀቀ፤ ወረቀቱ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የሰው የሥራ ዘመን የሚቀመጠው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ አስታዋሽ አለው። ጡረተኛው በወሩ መጀመሪያ እህሉን ሊቀበል ሲሄድ፣ አስታዋሹ ጎተራው ደጅ ላይ ተቀምጦ ትክ ብሎ ያየውና ‹‹አስታውሰዋለሁ›› ይላል፤ ስለ ሥራውም አንድ ነገር ይመሰክራል። ያን ጊዜ ሰፋሪው ይሰፍራል። አስታዋሹ ካላስታወሰ፣ በሚቀጥለው ወር ተመለስ ነው። አስታዋሽ በመርሳቱ አይከሰስም። በመዋሸቱ ይከሰሳል፤ ግን መዋሸቱን የሚያስታውስ ሌላ ሰው ስለማይገኝ እስካሁን የተከሰሰ የለም።

ስለዚህ ጡረተኞች ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ማር ይይዛሉ፤ ለአናት የሚሆን ለጋ ቅቤ ይይዛሉ። ጉቦ አይደለም፤ ሕክምና ነው። በአገራችን ፀሐይ ላይ አናቱ የሚያብለጨልጭ ሰው ካያችሁ አስታዋሽ ነው።

አስታዋሽ ሲሞት ያስታወሰው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። ጎረቤታችን የሃያ ዓመት ሥራው ከአስታዋሹ ሬሳ ጋር ጉድጓድ ሲወርድ አይቶ፣ ከሟቹ ሚስት በላይ አለቀሰ። ሴትዮዋ ነገሩ ከንክኗት እስከ ዛሬ አታነጋግረውም።

አክስቴ ደብሪቱ በሦስት ቦታ ሠርታለች። አሥራ አንድ ዓመት በጀልባ ቤት፣ ሰው ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ስታሻግር። ዘጠኝ ዓመት በገመድ ቤት፣ ቃጫ ስትገምድ። አሥራ ሦስት ዓመት በፋኖስ ቤት፣ መሰላል ተሸክማ እየዞረች የከተማውን የመንገድ ፋኖሶች ስታበራ። ሲደመር ሠላሳ ሦስት። በእኛ ሕግ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጡረተኛ በየወሩ ሙሉ ጆንያ ያገኛል። የአክስቴ ዓመታት ግን በሦስት ጭንቅላት ተከፋፍለው ስለተቀመጡ፣ ከየቦታው አንድ አንድ ጣሳ ነበር የሚደርሳት። ጀልባ ቤት ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ገመድ ቤት ዳገት ላይ ነው። ፋኖስ ቤት ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የዚያ አስታዋሽ በማርም በቅቤም አይሆንላቸውም፤ ዶሮ ካልቀመሱ ትዝ አይላቸውም።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም አክስቴ ናት። ዝናብ መለካት ተምሬ ተመርቄያለሁ። በአገሩ ያለው የዝናብ መለኪያ አንድ ነው፤ እሱም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ጤነኛ ነው። ስለዚህ ቤት ተቀምጬ የሷን ሦስት ጣሳ አብሬ እበላ ነበር።

ያስጨነቁን የጀልባ ቤቱ አስታዋሽ ጋሽ ይርዳው ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ልጆቻቸውን አንዱን በሌላው ስም ይጠራሉ። ያን ወር አክስቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋትና ‹‹አስታውሳታለሁ፤ ጭነት የማትጥል በቅሎ ነበረች›› ብለው መሰከሩ። ሰፋሪው ሰፈረላት። ሕጉ አስታዋሹ ያስታውስ ይላል እንጂ ሰው መሆኗን ያስታውስ አይልም። አክስቴ ቤት እስክንደርስ ድረስ በሳቅ ስትንፈቀፈቅ ነበር፤ እኔ አልሳቅኩም። ጋሽ ይርዳው አንድ ክረምት ካቃታቸው አሥራ አንዱ ዓመት አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ሃያ ሁለት ነው፤ ሃያ ሁለት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ ሠላሳ አይሆንም። ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ማለት ጀምሯል። ሁለት ጣሳ ለሁለት ሰው አይበቃም።

በዚያው ሰሞን የማዋሃጃ ቤት መከፈቱ በገበያው መሃል በአዋጅ ተነገረ። በልዩ ልዩ ሥራ ተበትኖ የኖረ ሁሉ ጡረታውን አንድ ያደርግ ዘንድ ተፈቅዷል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጡረታ፣ አንድ ትዝታ። ሮጬ ቤት ገባሁና ነገርኳት። አክስቴ ደስ አላላትም።

‹‹ሦስት ሰው ያውቀኛል›› አለችኝ። ‹‹በአንዱ ዓይን ብከፋ በሌላው እሻላለሁ። አንድ ያደረጉኝ ለታ ማን ዘንድ ሄጄ ልሻል?››

ሠላሳ ሦስት ከሠላሳ እንደሚበልጥ በጣቴ አሳየኋት። መቁጠሩንማ እሷም እንደምትችል፣ ያላትን እየቆጠረች እኔን ስታስተምር እንደኖረች ነገረችኝ። ግን ጉልበቷን አሸት አሸት አድርጋ ተነሳች። ያስነሳኋት እኔ ነኝ፤ ይህም ይያዝልኝ።

የማዋሃጃው ቤት ሹም አዋሃጅ ይባላሉ፤ ስማቸው አቶ ጌጡ ነው። ረጅምም አጭርም አይደሉም። ሻይ ሲመጣላቸው ከትኩሱና ከበረደው እኩል አስቀድተው ያቀላቅላሉ። ደንቡን ቁጭ ብለው አስረዱን፤ ሰው አይገፉም፣ ሰውም አያቀርቡም። ሦስቱ አስታዋሾች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዲት ሴት እስኪያስታውሱ ድረስ አይወጡም። ሁለቱ የተስማሙበት ይጸድቃል። ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይወሰዳል። አንዱ ብቻ የሚያውቀው ይጣላል። ባለጉዳይዋ ስለ ራሷ አትናገርም፤ ጥቅም አላት። አጃቢዋ፣ ማለት እኔ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ‹‹ተቃውሞ አለኝ›› ማለት እችላለሁ፤ ካልኩ ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል።

ካልተስማማን ወደ ድሮው መመለስ እንችል እንደሆነ ጠየቅኩ። አቶ ጌጡ አዘኑልኝ። ሦስቱ የድሮ ጡረታዎች ገና የበሩን መድረክ ስንረግጥ ሞተዋል፤ የሚመለስ ነገር የለም።

አስታዋሾቹ መጡ። ጋሽ ይርዳውን ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። ከገመድ ቤት ወይዘሮ አስካለ፣ ከፋኖስ ቤት አቶ ልሳኑ። ጉባኤው እስኪያልቅ ምሳቸው በመንግሥት ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ቀን በሰላምታ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ቁመቷ ተነሳ። አቶ ልሳኑ በጣም ረጅም ናት አሉ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ያዩዋት መሰላል ላይ ነው። ወይዘሮ አስካለ ድንክ ናት አሉ፤ ገመድ ቤት የሚሠራው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ጋሽ ይርዳው ለጭነት የተመቸች ነበረች አሉ። አቶ ጌጡ ‹‹መካከለኛ›› አሉ፤ ጸደቀ።

ቀጥሎ ጠባይዋ። ወይዘሮ አስካለ ስድቧ እንደ ቃጫ ሰው እጅ ላይ የሚሰካ መሆኑን ተናገሩ። አቶ ልሳኑ ተገረሙ፤ እሳቸው ዘንድ ከ‹‹ደህና አደሩ›› በቀር ቃል አልወጣትም። ጋሽ ይርዳው ደግሞ ስትቀዝፍ ትዘፍን ነበር፣ ድምጿ ማዶ ይሰማል አሉ። የስድብ፣ የዝምታና የዘፈን መካከለኛ ምን እንደሆነ ለማግኘት እስከ ምሳ ፈጀ። ታጉተመትማለች ተባለ።

ወይዘሮ አስካለ እርጥቡ ቃጫ እስኪደርቅ ሳትጠብቁ ግመዱ ያለውን አለቃ በጥፊ እንዳጮለችው መሰከሩ። ‹‹እሰይ ነው ያልኩት፤ በእርጥቡ የተገመደ ገመድ ሰው ይገድላል›› አሉ። አቶ ልሳኑ አለቃ ፊት ቀና ብላ እንደማታውቅ ማሉ። ጋሽ ይርዳው አለቃውን ስታስቀው ነበር የምትውለው አሉ። ስለዚህ እጇን አንስታ መልሳዋለች ተባለ። ታነክሳለች በሚለው ሁለቱ ተስማሙ፤ ወይዘሮ አስካለ ተቀምጣ የቆየችበት እግሯ ደንዝዞ ስትነሳ፣ አቶ ልሳኑ መሰላል በአንድ ትከሻዋ ይዛ ስታዘነብል ነው ያዩዋት። ጸደቀ። ጋሽ ይርዳው የሚያውቋት ሙሽራ ሆና ነው፣ ወይዘሮ አስካለ የሚያውቋት አግብታ፣ አቶ ልሳኑ የሚያውቋት መበለት ሆና። መካከለኛው ተወሰደና ባለትዳር ሆነች። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አክስቴ አፏን ልትከፍት ስትል አቶ ጌጡ ጣታቸውን አነሱ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ‹‹ታዲያ የት ነው ያለው? ጠይቂልኝ እስቲ፤ ራት ላዘጋጅለት እንደሆነ›› አለችኝ።

ሳቄን ዋጥኩ። እስከዚህ ድረስ፣ እውነቴን ነው፣ ነገሩ ቀልድ ነበር። እሷም እንደዚያው የያዘችው ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አቶ ጌጡ ለማጠቃለል ያህል፣ ስለ ውሃ የሚባል ነገር የቀረ እንዳለ ጠየቁ። ጋሽ ይርዳው ተኝተው ነበር። ነቁ። ሲነቁም የነቁት ሌላ ሰው ሆነው ነው፤ ወገባቸው ቀና አለ።

ወንዙ ወደ ላይኛው እርሻ የወጣበት ዓመት ነው አሉ። ጀልባው መሃል ላይ ሳለ የመጎተቻው ገመድ ተበጠሰ። ደብሪቱ ጫፉን ይዛ ከጀልባዋ ጣውላ ጋር ክንዷ ላይ ጠመጠመችው፤ ከዳር ሰው እስኪደርስ ድረስ ጀልባዋን የያዘው ያ ክንድ ነው። ቆዳዋ ተልጦ ከገመዱ ጋር ሄደ። ሰዎቹ ተረብሸው ውሃ ውስጥ እንዳይዘሉ ትዘፍንላቸው ነበር። ከዚያ ጋሽ ይርዳው የተሳፋሪዎቹን ስም ይቆጥሩ ጀመር፤ የትኛው የማን ልጅ እንደነበር፣ የትኛዋ እርጉዝ እንደነበረች፣ ማን ፍየል ይዞ እንደገባ። አሥራ ሦስት ሰው ቆጠሩ። ወይዘሮ አስካለ እንኳ ማኘካቸውን አቆሙ።

‹‹አሥራ አራተኛው እኔ ነበርኩ›› አሉ ጋሽ ይርዳው።

አቶ ጌጡ በጣም እንደሚያምር ተናገሩ። ከዚያ ሌሎቹን ጠየቁ። ወይዘሮ አስካለ በዚያ ዓመት ዳገቱ ላይ ነበሩ፤ አቶ ልሳኑ ከተማ ነበሩ። ከአሥራ ሦስቱ በሕይወት ያሉትም አስታዋሽ አይደሉም። አክስቴ ያን ጊዜ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋች። ጠባሳው እንደ ገመድ ዞሮ ዞሮ ይታያል። አቶ ጌጡ ፊታቸውን አዞሩ።

‹‹የባለጉዳይ ገላም ባለጉዳይ ነው›› አሉ። ‹‹አንዱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ይጣል። አጃቢ፣ ተቃውሞ አለሽ?››

አክስቴ አየችኝ። ጋሽ ይርዳውም አዩኝ። እኔ ያሰብኩትን ልናገር። ተቃውሞ ካልኩ ሦስት ቀን ከሀ ይጀመራል። ወይዘሮ አስካለ የነገ ምሳ ምን እንደሆነ ጠይቀው ጨርሰዋል። ጋሽ ይርዳው ከጠዋት ጀምሮ ይስላሉ፤ በድጋሚው መሃል ቢሞቱ አሥራ አንዱ ዓመት የለም። ጎርፉ ቢጣል ግን ዓመቱ አይነካም፤ ጎርፍ ኖረውም አልኖረው ጆንያው ያው ጆንያ ነው። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው። ወገቤንም አሞኝ ነበር።

‹‹የለኝም›› አልኩ።

እጅጌዋን ቀስ ብላ መለሰችው።

ከዚያ ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው መርሳት ነው። ጡረታው ከተዋሃደ ሦስቱ አስታዋሾች የሚያውቋትን ሴት ለመርሳት ይምላሉ፤ መንገድ ላይ ቢያገኟት ሰላም እንኳ አይሏትም፤ አለበለዚያ በአንድ ሴት ላይ ሁለት ትዝታ ይሆናል። ወይዘሮ አስካለና አቶ ልሳኑ ማሉ፣ ወጡ። ጋሽ ይርዳውም ማሉ። ማሉና በሩ ጋ ሲደርሱ ተመልሰው የአክስቴን ክንድ ያዝ አድርገው፣ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቁስልሽ ዳነ?›› ብለው ጠየቋት። የልጆቻቸውን ስም የሚረሱ ሰው ሆነው ይህን መርሳት አቃታቸው። ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከሥራቸውም ተሰናበቱ፤ ከአክስቴ በቀር የሚያስታውሱት ሕያው ጡረተኛ አልነበራቸውም። ጡረታ የላቸውም። አስታዋሽን የሚያስታውስ በሕጉ አልተቀመጠም።

ሁለተኛው ነገር አዲስ አስታዋሽ መሾም ነው። አቶ ጌጡ ከሦስቱ አንዱ ቢሆን ወደ ራሱ ያደላል፣ ምንም ያላየ ቢሆን ይመረጣል አሉ። ከዚያም ሦስቱን ቀን ቁጭ ብዬ የሰማሁት እኔ መሆኔን፣ የተማርኩ መሆኔን፣ ሥራ የሌለኝ መሆኔን አስታወሱኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ እንዴት ይሆናል አልኳቸው።

‹‹አክስትሽ መካከለኛ ናት?››

‹‹ረዘም ትላለች።››

‹‹ታነክሳለች?››

‹‹አታነክስም።››

‹‹ባለትዳር ናት?››

‹‹ባሏ ሞቷል።››

‹‹እንግዲያ የተዋሃደችው ሴት ሌላ ናት›› አሉ ደስ ብሏቸው። ‹‹ዝምድና የላችሁም።››

ተሾምኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሥራ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ከኋላዬ እየሄደች ታጉተመትም ነበር። ምን እንደምትል ለመስማት ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ ሁለቴም ዝም አለች።

እስከ ወሩ መጀመሪያ ድረስ ቤት ውስጥ ብዙ አልተነጋገርንም። ወጡን ሠራች፣ በላን። አንድ ቀን ጎርፉ መጣሉ ጡረታዋን እንዳልነካው በድጋሚ ላስረዳት ሞከርኩ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ እውነትሽን ነው ብላ ሳህኑን አነሳች። ከተቆጣች ሰው ጋር መከራከር እችላለሁ፤ እውነትሽን ነው ከምትል ሰው ጋር መከራከር ግን ትምህርት ቤት አልተማርኩም።

የወሩ መጀመሪያ ጠዋት እኔ ቀድሜ ጎተራ ሄጄ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፋሪው ወጣት ነው፤ ሕግ አክባሪ። አክስቴ እያነከሰች ገባች። አነካከሷ ጥሩ ነበር፤ ተለማምዳዋለች። ሰፋሪው ፊት ቆመች። እኔም ተነስቼ እንደተሾምኩበት ተናገርኩ፦ አስታውሳታለሁ፤ ቁመቷ መካከለኛ፣ ባለትዳር፣ የምታነክስ፣ የምታጉተመትም፣ በአለቃ ላይ እጇን አንስታ የመለሰች፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራች ናት።

‹‹እንዲያ ነው?›› አላት ሰፋሪው።

‹‹እንዲያ ነው።››

ሙሉ ጆንያ ሰፈረላት፤ እየነቀነቀ፣ አፉ ድረስ። እንዲህ ያለ ጆንያ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሷ ወደ እኔ ዞረችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች።

‹‹እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ። ስላስታወሱኝ።››

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

‹‹እትዬ፣ ተይ እንጂ›› አልኳት።

‹‹እትዬ የሚሉት ማንን ነው? ከእርስዎ ጋር ዝምድና የለንም ተብሏል።›› ሰፋሪው ትክክል ናት በሚል ራሱን ነቀነቀ። ‹‹አንድ ባዶ ጆንያ አይቸግራችሁም?›› አለችው።

ሰፋሪው ሰጣት። እህሉን ለሁለት ከፈለችው። ጥድፊያ የላትም፤ በሁለት እጇ እያፈሰች፣ እኩል እስኪሆን ድረስ። ግማሹን ወዴት እንደምትወስደው ጠየቅኳት። ጠየቅኳት ስል፣ ‹‹ወዴት ነው?›› የሚለው ከአፌ አልወጣም፤ በእጄ ነው ያሳየኋት።

‹‹ወንዝ ዳር አንድ ሽማግሌ አሉ ይባላል›› አለች። ‹‹እኔ አላውቃቸውም፣ እሳቸውም አያውቁኝም፤ ምለዋል። በጎርፍ ጊዜ ጀልባ በክንዷ ስለያዘች አንዲት ሴት ያወራሉ አሉ። ከመሞታቸው በፊት ሄጄ ልሰማ ነው። እህል ቢጤም ልያዝላቸው፤ ጡረታ የላቸውም መሰለኝ።››

‹‹መቼ ትመለሻለሽ?››

የቀረውን ግማሽ ጆንያ እየገፋች በርጩማዬ ሥር አመጣችው።

‹‹ይህን አንዲት ያሳደግኳት ልጅ አለች፤ ስንዱ ትባላለች፤ ዝናብ መለካት የተማረች ናት። ካገኟት ይስጡልኝ።››

የራሷን ግማሽ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ሳታነክስ ሄደች። ሰፋሪው እግሯን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ መመስከር የኔ ሥራ ነውና። እኔ መሬቱን አየሁ። ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።